የአልሙኒየም ሞልድ በሲኤንሲ ራውተር፦ ከሥራዬ የተማርኩት

ለእንጨትና ለፕላስቲክ ተብሎ የተሠራ ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር እየተመራ የሚቆርጥ ማሽን) የአልሙኒየም ሞልድ (ዕቃ የሚቀረጽበት ቅርጽ) ያወጣል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ያወጣል። እኔ የትንንሽ የፕላስቲክ ዕቃዎችን ሞልድም ሆነ ሲሊኮንና ኢፖክሲ የሚፈስባቸውን ቅርጾች የማወጣው በዚሁ ማሽን ነው፤ ሁለቱ ግማሾች ሲገጣጠሙ በመሃላቸው ብርሃን አያልፍም። ነገር ግን ራውተሩን እንደ ፍሬዛ ማሽን ላሠራው ያለ ሰው ቢት (የሚሽከረከረውን መቁረጫ) እየሰበረ፣ ጥሬ ዕቃ እያበላሸ ይከርምና «ይኼ ነገር ለአልሙኒየም አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ፍሬዛ ማሽን ከባድ ነው፤ ገላው ሳይነቃነቅ በዝግታ እየዞረ ወፍራም ፍቅፋቂ ይነቅላል። ራውተር ቀላል ነው፤ ከገፉት ይነቀነቃል። ያለው ሀብት ፍጥነት ነው። ስለዚህ ከቢት ምርጫ እስከ መጨረሻው ማለስለስ ድረስ የማደርገው ሁሉ ከአንድ ነገር ይነሣል፦ በትንሹ መንከስ፣ ቶሎ ቶሎ መንከስ፣ የተነከሰውንም ወዲያው ከመንገድ ማስወገድ።

ከጥሬ ዕቃው ልጀምር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው «አልሙኒየም ያው አልሙኒየም ነው» ብሎ ከየትም የተገኘ ቁራጭ ያነሣል። ለሞልድ የምመርጠው 6061-ቲ6 የሚባለውን በሙቀት የጠነከረ ዓይነት ነው፤ ጥንካሬው በብሪኔል ልኬት 95 አካባቢ ስለሆነ ፍቅፋቂው እየተቆራረጠ ይወጣል። 7075-ቲ6 ወደ 150 ይጠጋል፤ ከ6061ም የበለጠ ጥርት ብሎ ይቆረጣል፣ የሞልዱ ጠርዝም ቶሎ አይደፈጠጥም። ውድ ስለሆነ ግን ብዙ ምርት ለሚወጣበት ሞልድ ብቻ ነው የምጠቀምበት። 1100 እና 3003 የሚባሉት ለስላሳ ዓይነቶች ለማጠፍ ጥሩ ናቸው፤ ለመቆረጥ ሲመጡ ግን እንደ ማስቲካ ቢቱ ላይ ይለጠፋሉ። ዓይነቱ የማይታወቅ ቁራጭ ሲሰጠኝ ሞልድ አልሠራበትም፤ ለመያዣና ለመደገፊያ አውለዋለሁ።

ዓይነቱ ብቻ አይበቃም። በሙቀት የጠነከረ ሰሌዳ ውስጡ ውጥረት ይዞ ይቀራል። አንዱን ገጽ ስትቆፍሩት ውጥረቱ ሚዛኑን ያጣና ሰሌዳው ይጎብጣል። ለዚህ ነው 6061 ሲገዛ ቲ651 የሚል ምልክት ያለበትን መፈለግ የሚያስፈልገው፤ ከጠነከረ በኋላ ተስቦ ውጥረቱ የተለቀቀለት ነው። ሰፊና ስስ ሞልድ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ገጹ ተልጎ የሚሸጠው ካስት ቱሊንግ ፕሌት የበለጠ ይታመናል፤ ብትቆፍሩትም ቅርጹን ይጠብቃል። ሙሉ በሙሉ እንዲያንጸባርቅ ለምትፈልጉት ገጽ ግን አልመክረውም፤ ቀልጦ የፈሰሰ ስለሆነ ጥቃቅን ቀዳዳ አያጣም፣ ሲወለወልም ይታያል።

አልሙኒየም ላይ ቢት የሚገድለው መፋተግ ነው። ቢቱ ሳይቆርጥ ገጹ ላይ ሲንሸራተት ይግላል። ሲግል አልሙኒየሙ ይለሰልስና ስለቱ ላይ ይበየዳል፤ የተበየደው ቦዩን (ፍቅፋቂው የሚወጣበትን የቢቱን ጎድጓዳ መስመር) ይዘጋል፤ ቦዩ ሲዘጋ ተከታዩ ፍቅፋቂ መውጫ ያጣል። ከዚያ በኋላ ቢቱ እስኪሰበር ያለው ጊዜ የሰከንዶች ነው። ሰው ሲፈራ መጀመሪያ የሚያደርገው ፊዱን (ቢቱ ወደፊት የሚሄድበትን ፍጥነት) መቀነስ ነው። ፊድ ሲቀንስ ፍቅፋቂው ይሳሳል፣ ሲሳሳ መፋተጉ ይብሳል። ራውተር ላይ ፈርቶ መዝገም ከድፍረት የበለጠ ቢት ይጨርሳል።

አብዛኛውን ሥራ የሚሠራልኝ 6 ሚሜ ባለ አንድ ጥርስ የካርባይድ ኤንድሚል (በጎኑም በጫፉም የሚቆርጥ ቢት) ነው፤ ቦዩ የተወለወለ። አንድ ጥርስ ሲሆን ቦዩ ሰፊ ነው፣ ፍቅፋቂው እንደልቡ ይወጣል። ሌላም ምክንያት አለው። ስፒንድሌ (ቢቱን የሚያሽከረክረው ሞተር) በደቂቃ እስከ 24,000 ዙር ይሄዳል፤ ዙሩን በጣም ዝቅ ካደረግሁት ጉልበቱ ይወድቃል። ስለዚህ 18,000 ላይ አቆየዋለሁ። 6 ሚሜ ቢት በዚህ ዙር ሲሽከረከር የስለቱ ፍጥነት በደቂቃ 340 ሜትር ያህል ነው፤ ለካርባይድና ለአልሙኒየም የሚስማማ ፍጥነት ነው። ለእያንዳንዱ ጥርስ 0.06 ሚሜ ልስጥ ካልኩ ባለ አንድ ጥርሱ የሚፈልገው ፊድ 18,000 ሲባዛ በ0.06፣ ማለትም በደቂቃ 1,080 ሚሜ ነው። ባለ ሦስት ጥርስ ቢት ብጠቀም 3,240 ይሆናል። ያንን ራውተሩ ቀጥ ባለ መንገድ ይደርስበት ይሆናል፤ ኩርባና ጥግ ላይ ግን ይዘገያል፣ ሲዘገይ ደግሞ ሦስቱም ጥርሶች መፋተግ ይጀምራሉ።

ስለ ሽፋን፦ ለብረት የሚሸጡትን ጥቁር ግራጫ ሽፋን ያላቸውን ቢቶች ለዚህ ሥራ አታምጡ። አብዛኞቹ ሽፋናቸው ውስጥ አልሙኒየም አለበት፣ አልሙኒየም ደግሞ እነሱ ላይ መጣበቅ ይወዳል። ዚርኮኒየም ናይትራይድ፣ ቲታኒየም ዳይቦራይድ ወይም ዲኤልሲ (አልማዝ መሰል ካርቦን) የተቀባ ጥሩ ነው። ምንም ሳይቀባ የተወለወለውም በቂ ነው፣ እኔም ብዙ ጊዜ የምጠቀመው እሱን ነው። ካልተቀባ የካርባይድ ቢት ላይ የተበየደ አልሙኒየም በቢላ አይፋቅም፤ ስለቱን ያጎድላል። በውኃ የተበጠበጠ ካስቲክ ሶዳ ውስጥ ስታቆዩት አልሙኒየሙ ይሟሟል፣ ካርባይዱ ይቀራል። ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ሲሟሟ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚወጣ ዕቃው ክዳኑ የተከፈተ፣ ቦታው አየር የሚገባበትና ከእሳት የራቀ ይሁን። ይኸው ነገር ከሞልዱም ጋር ይያያዛል፦ ካስቲክ ሶዳ ያለበት ጥሬ ሳሙና የሚፈስበትን ሞልድ ከአልሙኒየም አትሥሩ፤ ይበላዋል።

ፍቅፋቂውን ማየት ልመዱ። እኔ ቁጥሩን ከሰንጠረዥ ወስጄ እጀምራለሁ፣ ፍርድ የምሰጠው ግን ፍቅፋቂውን በጣቴ ይዤ ነው። ደህና ሲቆረጥ ፍቅፋቂው አጭርና ጥምዝ ይላል፤ ውስጠኛው ገጹ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው። እንደ ዱቄት ከደቀቀ ፊዱ አንሷል። ከረዘመና ከተጠቀለለ፣ ገጹም ደብዝዞ ጠርዙ ከተቦጫጨረ፣ ሙቀት አለ ማለት ነው። ድምፁም ይናገራል። ደህናው ቆረጣ አንድ ዓይነት፣ ያልተቋረጠ ዝማሬ ነው። ድምፁ በድንገት ወደ ጩኸት ከተለወጠ ቢቱ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ከወፈረና ከጎረነነ ደግሞ ቦዩ እየሞላ ነው። ሁለተኛውን ስሰማ ቆሜ አልጠብቅም፣ ማሽኑን አቆማለሁ።

ፍቅፋቂውን የሚያወጣው አየር ነው። ብዙ ሰው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ላይ ያተኩራል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የታመቀ አየሩን እመርጣለሁ፤ ጠባብ አፍ ባለው ቱቦ ቀጥታ ቢቱ ጫፍ ላይ፣ ፍቅፋቂውን ወደተቆረጠው ባዶ ቦታ እየገፋ። ጥልቅ ቁፋሮ ውስጥ የተጠራቀመ ፍቅፋቂ ተመልሶ ሲቆረጥ ግድግዳውን ይጭራል፤ ሞልድ ላይ ደግሞ ያ ጭረት በእያንዳንዱ ምርት ላይ ይታያል። ከአየሩ ጋር ጥቂት ፈሳሽ እንደ ጉም እንዲረጭ አደርጋለሁ፤ ስለቱ ላይ ምንም እንዳይጣበቅ ይረዳል። ለዚህ አይሶፕሮፒል አልኮል የሚጠቀሙ አሉ። ጥርግ አድርጎ ይተናል፣ ንጹሕም ነው፤ ነገር ግን በ12 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን ይሰጣል። በዝግ ክፍል ውስጥ፣ ብልጭታ ካለው ሞተር አጠገብ እሱን መርጨት ለእኔ የማይታሰብ ነው። በውኃ የሚቀጥነውን የመቁረጫ ፈሳሽ እጠቀማለሁ፤ እሱንም ቢሆን ጉሙን ወደ ሳንባ ማስገባት ጥሩ ስላልሆነ ጭንብል አደርጋለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ። ጠረጴዛችሁ በኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ጭረት የተሠራ ሰሌዳ) የተሸፈነ ከሆነ ፈሳሹ ያሳብጠዋል፤ ካበጠ የዜሮ ከፍታችሁ፣ ማለትም ቁመት የምትለኩበት መነሻ፣ ይለወጣል። እኔ ለአልሙኒየም ሥራ በኤምዲኤፉ ፋንታ ብሎን መያዣ ቀዳዳዎች ያሉት የአልሙኒየም ሰሌዳ አስሬበታለሁ።

ሻካራውን ቆረጣ በተመለከተ፣ ቢቱን በሙሉ ስፋቱ ወደ ጠንካራ ብሎክ ማስገባት ራውተርን ማሰቃየት ነው። የቢቱን መንገድ በሚያወጣው ካም ሶፍትዌር ውስጥ አዳፕቲቭ የሚባለውን መንገድ ምረጡ። ቢቱ ከጎን በጥቂቱ፣ በቁመቱ ግን በብዙ እየነከሰ፣ ጫናው ሳይለዋወጥ ይሄዳል። ከጎን 0.6 ሚሜ፣ ወደ ታች 6 ሚሜ እሰጠዋለሁ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ስሌት አለ። ቢቱ ከጎን የዲያሜትሩን 10 በመቶ ብቻ ሲነክስ የፍቅፋቂው ትክክለኛ ውፍረት ከሰጣችሁት ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። 0.06 ውፍረት እንዲገኝ ለጥርሱ 0.1 ሚሜ መስጠት ያስፈልጋል፣ ፊዱም በደቂቃ 1,800 ሚሜ ይሆናል። በዚህ ቁጥር የሚነሣው አልሙኒየም በደቂቃ 6.5 ኩቢክ ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ያንን ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ 100 ዋት ገደማ ነው። ስፒንድሌ 2.2 ኪሎዋት ነው። ገደቡ ሞተሩ ላይ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል፤ ገደቡ ስፒንድሉን የሚሸከመው ድልድይና ድልድዩ የሚሄድበት ሐዲድ ጥንካሬ ነው። ትልቅ ስፒንድል ልግዛ ለሚሉኝ ይህን ሒሳብ አሳያቸዋለሁ፤ ገንዘቡ ማሽኑን ወደሚያጠነክር ነገር ቢሄድ ይሻላል።

ቢቱን በቀጥታ ወደ ታች አትውጉት። በጠመዝማዛ መንገድ፣ በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ቁልቁለት ይግባ። የቆረጣው አቅጣጫ ደግሞ ክላይም የሚባለው ይሁን፤ ፍቅፋቂው ከወፍራም ጀምሮ እየሳሳ ስለሚያልቅ መፋተጉ ይቀንሳል፣ ግድግዳውም ጥሩ ይወጣል። ማሽናችሁ በሚነዳው ብሎን ላይ ክፍተት ካለው ግን ክላይም ወደፊት ይስበዋል፤ መጀመሪያ ክፍተቱን ማጥፋት ነው።

ኮሌትን (ቢቱን ጨብጦ የሚይዘውን ቀለበት) ማጽዳት ትንሽ ሥራ ይመስላል። ለጥርሱ 0.06 ሚሜ የምትሰጡ ከሆነና ቢቱ በ0.02 ሚሜ ተዛንፎ የሚሽከረከር ከሆነ፣ ያ መዛነፍ የንክሻችሁ አንድ ሦስተኛ ነው። ቢት በቀየርኩ ቁጥር ኮሌቱንና የሚቀመጥበትን ሾጣጣ በጨርቅ እጠርጋለሁ። ቢቱንም የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ አስወጥቼ አስራለሁ፦ ከኮሌቱ የሚወጣው ርዝመት በእጥፍ ሲጨምር መተጣጠፉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው ከ6 ወደ 8 ሚሜ ቢት መሄድ ጥንካሬውን ከሦስት እጥፍ በላይ ያደርገዋል። ለዚህ ነው የሞልዱን ንድፍ ስሠራ በተቻለኝ መጠን ጥልቁን ክፍል በወፍራም ቢት እንዲደረስበት የማደርገው።

አሁን ስለ ሁለቱ ግማሾች መጋጠም። ሞልድን ከሌላ ሥራ የሚለየው ይህ ነው፣ ራውተርም ብዙ ጊዜ የሚወድቅበት ቦታ እዚህ ነው። የራውተር ድልድይ በሁለት ጎን ሐዲድ ላይ ይሄዳል። አንዱ ጎን ከሌላው ትንሽ ቢቀድም ኤክስ እና ዋይ (የማሽኑ ሁለት አግድም አቅጣጫዎች) እርስ በርሳቸው በትክክል 90 ዲግሪ አይሆኑም። አንድ ሳጥን ስትቆርጡ ይህ ስሕተት አይታይም። ሞልድ ላይ ግን ሁለተኛው ግማሽ የመጀመሪያው ተገላቢጦሽ ነው፤ ቆርጣችሁ ስትገለብጡት መዛነፉም አብሮ ይገለበጣል። አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ያጋደለ ይሆናል። በ300 ሚሜ ላይ 0.1 ሚሜ የተዛነፈ ማሽን የሚሰጣችሁ ሁለት ግማሾች በዚያው ርቀት 0.2 ሚሜ ይለያያሉ። 0.2 ሚሜ ማለት ከሞልዱ የወጣውን ዕቃ በጥፍራችሁ ስትዳስሱት የሚይዝ ደረጃ ማለት ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው፣ የመለኪያ መሣሪያም ብዙ አይጠይቅም። ሁለት ስስ የአልሙኒየም ሰሌዳ ላይ ያንኑ አራት ቀዳዳ፣ በተቻለ መጠን ተራርቀው፣ በአራት ማዕዘን ጥግ ላይ ቁረጡ። አንዱን ገልብጡና ፊት ለፊት አጋጥሙ። በታችኞቹ ሁለት ቀዳዳዎች ፒን አስገቡ። በላይኞቹም ፒኑ ያለ ትግል ከገባ ማሽኑ ቀጥ ብሏል። ካልገባ የምታዩት ልዩነት የስሕተቱ እጥፍ ነው፣ ስለዚህ በዓይን እንኳ ይለያል። የድልድዩን አንድ ጎን አላልታችሁ በግማሹ ልክ ገፍታችሁ እሰሩና ድገሙት። ይህን ፈተና ማሽኑን ባንቀሳቀስኩ ወይም ቀበቶና ብሎን በነካሁ ቁጥር፣ ትልቅ ሞልድ ከመጀመሬም በፊት እደግመዋለሁ። ስፒንድሉ ወደ ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ መቆሙንም በዚያው አጋጣሚ በዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን ልዩነት በሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ) አያለሁ፤ ካጋደለ ገጹ ላይ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ደረጃ ይተዋል።

ሁለቱን ግማሾች የሚያገጥሙት የፒን ቀዳዳዎችና የሞልዱ ጉድጓድ በአንድ አያያዝ፣ ብሎኩ ሳይነቃነቅ መቆረጥ አለባቸው። የ6 ሚሜ ፒን ቀዳዳን በተራ መብሻ አልበሳውም፤ ራውተሩ ሊወርድ የሚችለው ዝቅተኛ ዙር እንኳ ለመብሻ ብዙ ነው። በትንሽ ኤንድሚል ክብ እየዞርኩ 5.9 ሚሜ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ከማሽኑ ወርዶ በእጅ በ6 ሚሜ ሪመር (ቀዳዳን በልኩ የሚያሰፋ መሣሪያ) ይጠናቀቃል። ከፒኖቹ አንዱን ከሌሎቹ ትንሽ ዘወር አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ ግማሾቹ ተገላብጠው ሊገጠሙ እንዳይችሉ።

አያያዙ ላይ፣ ከላይ የሚጫን መቆንጠጫ የመጋጠሚያውን ገጽ ስለሚሸፍን ከታች በብሎን ማሰር እመርጣለሁ፤ ብሎኩ ጀርባ ላይ ጥርስ ያለው ቀዳዳ ይወጣና ከሰሌዳው ስር ይታሰራል። ሻካራው ሲያልቅ በሁሉም ገጽ 0.3 ሚሜ እተዋለሁ። ከዚያ ብሎኖቹን አላላለሁ፣ ብሎኩ እንደፈለገ እንዲሆን እተወዋለሁ፣ እስኪቀዘቅዝም እጠብቃለሁ፤ በኋላ ሳልጨቁነው በልኩ አስረዋለሁ። መጠበቁ ትርፍ አይደለም። አልሙኒየም በሙቀት ብዙ ይሰፋል፦ 300 ሚሜ ብሎክ በ10 ዲግሪ ብቻ ቢሞቅ 0.07 ሚሜ ይረዝማል። ትኩስ እያለ በልኩ የተቆረጠ ጉድጓድ ሲቀዘቅዝ ልኩ አይደለም። ስፒንድሉም እንዲሁ ሲሞቅ ወደ ታች ያድጋል፤ የዜድ (የቁመት) ዜሮ የምወስደው ጥቂት ደቂቃ ካሽከረከርኩት በኋላ ነው።

የመጨረሻው ቆረጣ በክብ ጫፍ ኤንድሚል ነው። በሁለት መንገድ መካከል የሚቀረውን ሸንተረር ቁመት በቀላሉ ማስላት ይቻላል፤ የመንገዶቹ ርቀት በራሱ ተባዝቶ፣ ለቢቱ ራዲየስ ስምንት እጥፍ ሲካፈል። በ6 ሚሜ ቢት 0.3 ሚሜ እየተራመድኩ የሚቀረው ሸንተረር 0.004 ሚሜ ያህል ነው። እርምጃውን በግማሽ ብቀንስ ሸንተረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ጊዜው ግን በእጥፍ ይጨምራል። ለማያንጸባርቅ ገጽ 0.3 ይበቃኛል፤ ለሚያንጸባርቀው 0.15 እሄዳለሁ፣ ምክንያቱም ሌሊቱን ማሽኑ ቢሠራ ከእጄ ጉልበት ይረክሳል። ዝርግ የሆነውን የጉድጓድ ወለል ግን በክብ ጫፍ አትሥሩ። የክቡ አፍንጫ መሃል ላይ ፍጥነት የለውም፤ ይጨፈልቃል እንጂ አይቆርጥም። ዝርጉን በዝርግ ቢት፣ ኩርባውን በክብ።

እዚህ ላይ ከሌላ ሰው ያልሰማሁትን አንድ ነገር ላካፍል። በኩርባ ገጽ ላይ የጻፋችሁት ፊድና ማሽኑ የሚሄድበት ፊድ አንድ አይደሉም። መንገዱ በሺህ የሚቆጠር አጫጭር መስመር ስለሆነ ቀላል መቆጣጠሪያ ያላቸው ራውተሮች በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ፍጥነት ይቀንሳሉ። 1,500 ብላችሁ ጽፋችሁ 500 ሊሄድ ይችላል፤ ስፒንድሉ ግን 18,000 ላይ ነው፣ ስለዚህ ይፋተጋል፣ ገጹም ይደበዝዛል። ቆረጣው የፈጀውን ጊዜ ካሙ ካሰላው ጊዜ ጋር አስተያዩ። ሦስት እጥፍ ከወሰደ ትክክለኛው ፊዳችሁ ሲሶው ነው። እኔ ያኔ ዙሩን አወርዳለሁ፣ በካሙ ውስጥም ቅስቶችን እንደ ቅስት እንዲጽፍ የሚያደርገውን ምርጫ እከፍታለሁ።

ግድግዳዎቹ ድራፍት (ዕቃው እንዲወጣ የሚያደርግ ማጋደል) ይኑራቸው። 1 ዲግሪ ዝቅተኛዬ ነው፣ ጥልቅ ከሆነ 2፣ ሸካራ ገጽ ካለው ከዚያም በላይ። ድራፍት ኖሮትም ዕቃው አልወጣ ሊል ይችላል፤ ቢቱ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ግድግዳው ላይ አግድም መስመሮች ይተዋል፣ ፕላስቲኩም እነዚያን ጨብጦ ይይዛል። ስለዚህ ግድግዳውን ሳለሰልስ የመጨረሻው እጄ ሁልጊዜ ዕቃው በሚወጣበት አቅጣጫ ነው የሚሄደው። በ400 የብርጭቆ ወረቀት ጀምሬ 600፣ 800፣ 1200 እያልኩ የቀደመው ጭረት እስኪጠፋ እሄዳለሁ፤ ማንጸባረቅ ላለበት ገጽ የአልማዝ ፔስት እጨምራለሁ። ውስጠኛ ጥጎችንም በንድፍ ላይ ከቢቱ ራዲየስ ትንሽ አስፍቼ እሠራለሁ፦ በ6 ሚሜ ቢት ለሚቆረጥ ጥግ 3 ሚሜ ሳይሆን 3.5 ወይም 4። ቢቱ ጥጉ ውስጥ ቆሞ ከሚንቀጠቀጥ እየዞረ ይውጣ።

የሚለሰልሰው ሰው እጅ የመጋጠሚያውን ጠርዝ ማድቦልቦሉ አይቀርም፤ የተድቦለቦለ ጠርዝ ደግሞ ፕላስቲክ ወደ ጎን እንዲያፈስ መንገድ ይከፍታል። ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ የመጋጠሚያውን ገጽ 0.1 ሚሜ አስተርፎ ማቆየት ነው። ብሎኩ ማሽኑ ላይ እንደታሰረ ጉድጓዱን አለሰልሳለሁ፤ ሐዲዱን ከዱቄቱ በጨርቅ ሸፍኜ። ከዚያ በደንብ አጽድቼ ያችን 0.1 ሚሜ በስለታም ቢት እልጋታለሁ፣ የተድቦለቦለውም ጠርዝ አብሮ ይሄዳል። የሚቀረው ጠርዝ ጣት የሚቆርጥ ነው፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። በማለስለስ የሚወጣው ደቃቅ የአልሙኒየም ዱቄት ተቀጣጣይ መሆኑን አትርሱ። በርጥበት አለስልሱ፣ ከብረት መሳያ ብልጭታ አርቁት፤ ቢቀጣጠል ደረቅ አሸዋ እንጂ ውኃ አይፈስበትም።

ልኩን ስታወጡ የፕላስቲኩን መኮማተር አስቡ። ፖሊፕሮፒሊን ከ1 እስከ 2.5 በመቶ ይኮማተራል፣ ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ከ0.4 እስከ 0.7። 60 ሚሜ የሆነ የፖሊፕሮፒሊን ዕቃ ለማግኘት በ1.5 በመቶ ግምት ጉድጓዱ 60 ለ0.985 ተካፍሎ 60.9 ሚሜ ይሆናል። እኔ ሁልጊዜ ብረት እንዲተርፈኝ አድርጌ እገምታለሁ፤ ጉድጓዱን ማስፋት ይቻላል፣ ማጥበብ አይቻልም።

ሁለቱ ግማሾች ሲያልቁ አንዱን ገጽ ስስ ሰማያዊ መፈተሻ ቀለም ቀብቼ ከሌላው ጋር አጋጥማለሁ፣ እጫናለሁ፣ እለያያለሁ። ቀለሙ በጉድጓዱ ዙሪያ ሳይቋረጥ ከተላለፈ ጥሩ ነው። የተቋረጠበት ቦታ ዝቅ ያለ ነው፤ ከፍ ያለውን በጠፍጣፋ ድንጋይ በጥቂቱ እያወረድኩ እደግመዋለሁ። የአየር መውጫዎቹን መጨረሻ ላይ ነው የምሠራው፣ ያውም መጀመሪያ ያለ እነሱ ጥቂት ዕቃ ካወጣሁ በኋላ። ፕላስቲኩ ያልደረሰበት ወይም ያረረበት ጥግ አየር የታፈነበትን ቦታ ራሱ ያሳየኛል። ለፖሊፕሮፒሊን ከ0.02 እስከ 0.03 ሚሜ ጥልቀት ይበቃል፤ ለኤቢኤስ እስከ 0.05 ይሄዳል። ይህን ለራውተሩ አልተውለትም፣ በዚህ ልክ ዜዱን አላምነውም። ቦታውን በፕላስተር ከልዬ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ 600 የብርጭቆ ወረቀት እስባለሁ፣ በኢንዲኬተር እለካለሁ፣ ዕቃ አወጣለሁ፤ ካላነሰ አልነካውም።